አባዬ ከቤት አልወጣ አለኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ስሆን ባንክ ነው የምሠራው። አባቴ 68 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ቀያሽ ሆኖ ሠርቷል፤ ጎጃም በሉት፣ ወለጋ በሉት፣ አባይ በረሃ በሉት፣ በእግሩ ያልለካው አገር የለም። ጡረታ ከወጣ በኋላም ደህና ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ነበር፤ ዑራኤል ሳይሳለም አይውልም። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት፤ እሱንም እንደምንም ቻለው። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ለልማት ሲነሳ ግን እኔ ጋ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገባ። ከዚያ ወዲህ አልወጣም አለ።

ጠዋት ተነስቶ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ቴሌቪዥን ይከፍታል፤ ያየዋል ማለት ግን አይቻልም፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ማታ ደግሞ እንቅልፍ የለውም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደድ እሰማዋለሁ። ደም ግፊት አለበት፤ ባለፈው ምርመራ ስኳሩም ድንበር ላይ ነው ተብሏል። ሐኪሙ «አባባ፣ መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ በየቀኑ ይራመዱ» አለው። እሺ ብሎ ወጣ። ቤት ደርሶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

ያላደረግሁት የለም። ቱታና ስኒከር ገዛሁለት፤ እስከ ዛሬ ከነፌስታሉ አልጋው ሥር ነው። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ላከለት፤ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወንድሜ በደወለ ቁጥር «አባዬ፣ እዚህ እኮ የ80 ዓመት ሰው ይሮጣል» ይለዋል። አባዬ «እግዚአብሔር ያበርታቸው» ይልና ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል። አንድ ቀን ተናድጄ ጮህኩበት። «ወጥቼ የት ልሂድ? ያለ ጉዳይ የሚዞር እብድ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን በደንብ አልተነጋገርንም።

ያጎደልኩበት ነገር የለም። ዳቦውን፣ መድኃኒቱን፣ ጋዜጣውን ሳይቀር ከሥራ ስመለስ ይዤለት ነው የምገባው። ባለቤቴም እንደ ወላጅ አባቱ ነው የሚያየው። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት መጥቶ አያቱ አጠገብ ስልክ ይዞ ይቀመጣል። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳያቸው ሆዴ ይባባል።

አንድ ቀን ብቻ፣ ባለፈው ወር፣ ውሃ አራት ቀን ጠፍቶ ቦቴ መጣ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ለካ አባዬ ትንሿን ጄሪካን ይዞ ወርዶ ተሰልፎ ኖሯል። ስመለስ ግቢ ውስጥ ከጥበቃው ጋር ቆሞ ሲያወራ አገኘሁት። የዚያን ዕለት እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ። በማግስቱ ውሃው መጣ፤ እሱም ወደ ሶፋው ተመለሰ።

እንዳላስገድደው አባቴ ነው። እንዳልተወው ዓይኔ እያየ እየደከመብኝ ነው። ምን ይሻለኛል?

የጨነቀኝ ልጅ፣ ከየካ አባዶ

መልስ

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ዓይኔ ቱታውና ሰዓቱ ላይ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ጄሪካኗ ላይ ቀረ። አንቺ «አንድ ቀን ብቻ» ብለሽ እንደ ዘበት አልፈሽዋል፤ እኔ ግን ከዚያ ልጀምር።

ያን ቀን አባትሽን ከቤት ያወጣቸው ምንድን ነው? ሐኪም አላዘዛቸውም። ወንድምሽ አልደወለም። ውሃ የለም፣ ቦቴ መጥቷል፣ ቤት ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ወረዱ። አራት ፎቅ ወርደው፣ ቆመው ተሰልፈው፣ ሸክም ይዘው አራት ፎቅ ወጡ፤ እንደገና ደግሞ ወርደው ከጥበቃው ጋር ሲጨዋወቱ ደረስሽ። ስፖርት ሠራሁ ብለው አላሰቡትም ይሆናል። (በነገራችን ላይ ትንሿን ጄሪካን መምረጣቸው ደግ ነው፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ባለ 20 ሊትሩን ተሸክሞ ደረጃ እንዲወጣ አልመክርም።)

«ያለ ጉዳይ የሚዞር እብድ ነው» ያሉሽን አንቺ እንደ እምቢታ ነው የሰማሽው። እስቲ ቃሉን እንዳለ ውሰጂው። በእሳቸው ዘመን ሰው እግሩን የሚያነሳው ወደ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ የታመመ ለመጠየቅ። የእኔ እናት «እግሬን ላፍታታ» ብላ ከቤት ወጥታ አታውቅም። «ኪዳን ላድርስ» ብላ ግን ክረምት ከበጋ በማለዳ ትወጣ ነበር፤ ስትመለስ ሁለት ሰው ጠይቃ፣ አንድ የተጣላ አስታርቃ፣ ጎመን ገዝታ ነው። ስፖርት ትሠሪያለሽ ወይ ብትባል ትስቅ ነበር።

አሁን አንድ ነገር አስታውሺልኝ። አባትሽ ካዛንቺስ እያሉ ከቤት ስንት ሰዓት ይወጡ ነበር? መጀመሪያ ማንን ያገኙ ነበር? ቡናቸውን የት ይጠጡ ነበር? ከዑራኤል መልስ በየትኛው በኩል ዞረው ይመጡ ነበር? ጊዜ ሲኖርሽ ወረቀት ላይ አስፍሪው። የእድር ጸሐፊ የሆነ ሰው ለቅሶ ሲኖር ቤት ለቤት ይላል፣ ያልከፈለውን ይጠይቃል፣ ድንኳኑ ወጣ አልወጣ ብሎ ያጣራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው፣ ከ65 ዓመት በላይ ላሉትም ጭምር፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃን የመሰለ እንቅስቃሴ ይመክራል። አባትሽ ካዛንቺስ እያሉ ይህን ሳያውቁት ሐሙስ ላይ ሳይጨርሱት አልቀሩም። ስለዚህ ከእንቅስቃሴ የራቁት ሰንፈው አይመስለኝም። ቤቱ ሲነሳ የሚሄዱበት ሁሉ አብሮ ተነሳባቸው።

የሚቀጥለውን እንዳትቀየሚኝ። ዳቦውን የምትገዢው አንቺ ነሽ። መድኃኒቱን አንቺ፣ ጋዜጣውንም አንቺ። ይህን የምታደርጊው ከፍቅር መሆኑን ማንም ያየዋል፤ ብዙ ወላጅ የሚመኘው ልጅ ነሽ። ግን አባትሽ ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ ቤቱ ውስጥ የሚጠብቃቸው ነገር ምን አለ? ያለ እሳቸው የማይሆን ነገር ማለቴ ነው። ለውሃው ቀን ያን ያህል ቦታ የሰጠሁት ለዚህ ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምመክርሽ መጀመሪያ ዳቦውን እንድትመልሺላቸው ነው። ሌላውን ለጊዜው ተዪው። ተንኮል እንዳይመስል እውነተኛውን ምክንያት ንገሪያቸው፤ «አባዬ፣ ማታ ስመጣ የቀረው የደረቀ ዳቦ ነው፤ ጠዋት ትኩስ ሳለ ብትገዛልን» በያቸው። ዳቦ ቤቱን እሳቸው ይምረጡ። የሩቁን ከመረጡ ዝም በይ። ሲመለሱ «ጎበዝ!» አትበያቸው፤ እንደ ሕፃን የተጨበጨበለት ሽማግሌ በማግስቱ አይወጣም። ቡና ካለ ቡና አቅርቢ፣ ዳቦውን ቁረሺ፣ በቃ። አንድ ቀን ረስተው ወይም ሰልችቷቸው ካልወጡ ደግሞ ዳቦ ሳይኖር ይዋል። አንቺ ሮጠሽ ከገዛሽ ጉዳዩ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ልብሱንም ልቀቂያቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ከዘራ ይዘው ይውጡ። ከዘራው ለክብርም ለሚዛንም ነው፤ በተለይ ደረጃ ሲወርዱ ጉልበት የሚፈተነው ያኔ ነውና። ቱታውን ከአልጋው ሥር አውጥተሽ ለባለቤትሽ ብትሰጪው እንኳ ቅር አይለኝም። ስኒከሩን ግን በር አጠገብ፣ ከሌሎች ጫማዎች ጋር አኑሪው፤ ምንም አትበይ። አንድ ቀን ጭቃ ሲሆን ራሳቸው ያነሱት ይሆናል።

ሰዓቱስ? ሰዓቱን ለልጅሽ እሰሪለት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም የጓጓሁት በዚህ ነው። ቀያሽ የራሱን እርምጃ ልክ ያውቃል። ስንት እርምጃ ስንት ሜትር እንደሚሆን በሜዳም በአቀበትም እግሩ ለምዶታል። ልጅሽ ከአያቱ ጋር ወርዶ «አያቴ፣ ከብሎካችን እስከ ታክሲ መያዣው ስንት ሜትር ነው?» ይበላቸው። አያት በእርምጃቸው ይለካሉ፣ ልጁ በሰዓቱ ይቆጥራል፣ ከዚያ ያስተያያሉ። እኔ የምፈርደው ለአያትዬው ነው። የሚከራከሩ ከሆነ እሰየው፤ በማግስቱ በሜትር ለማረጋገጥ ይወርዳሉ።

ፀሐይ ባለበት ጠዋት ደግሞ የብሎኩን ቁመት ይለኩ። ሜዳው ደልዳላ በሆነበት በኩል ከዘራውን ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ከዘራው 90 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጥላው 60 ቢወጣ፣ በዚያው ሰዓት የሕንፃው ጥላ ከግድግዳው ሥር ጀምሮ 10 ሜትር ከሆነ፣ ሕንፃው 15 ሜትር ነው ማለት ነው። ልጁ ይህን ትምህርት ቤት ሄዶ ሲያወራ ይታየኛል። እሳቸውም ስንት ዓመት የሠሩበት ሙያ ከመሳቢያ ወጣ ማለት ነው። ልጅሽን «ስልኩን አስቀምጥ» ብለሽ ስትጨቃጨቂ ከምትውዪ የሚሠራ ነገር በእጁ ቢኖር ይሻላል።

ስለ እንቅልፋቸው ትንሽ ላስረዳሽ። ሰውነታችን ቀኑን ከሌሊቱ የሚለየው በአብዛኛው በብርሃን ነው፤ በተለይ በጠዋቱ ብርሃን። ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ባለበት ሳሎን ውስጥ የሚያንቀላፋ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኑ ቢፈጥ አያስገርምም። ሽማግሌዎቻችን ጠዋት ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ የነበረው ብርድ ለመከላከል ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ግቢ ውስጥ ካለ አግዳሚ ላይ ትንሽ ቢቀመጡ ጥሩ ነው። ረፋድ ላይ ሲከር ግን ወደ ጥላ ይግቡ፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ፀሐይዋ ብርዱ እንደሚያስመስላት ለስላሳ አይደለችም። ከምሳ በኋላ ወዲያው ሶፋ ላይ ከመጋደም አሥር ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ማለትም ምግብ ሲበላ ከፍ የሚለውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል።

ሐኪማቸው «ይራመዱ» ሲላቸው ዝርዝሩን ጠይቃችሁት ነበር? ካልሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚወስዱትን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱና ከየትኛው ሰዓት በኋላ መውጣት እንደሚሻል፣ ከመቀመጫ ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ጠይቁ። ሲራመዱ ደረታቸውን የሚጫናቸው ወይም ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ቆመው ይረፉ፤ ካልተዋቸው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ሌላም ልብ የምትይው ነገር አለ። ምግብ እየቀነሱ፣ እየከሱ፣ «ከእንግዲህ ምን አደርጋለሁ» ዓይነት ንግግር እያበዙ ከመጡ፣ ይህ በዳቦ ግዢ የሚስተካከል አይደለም። ድባቴ ሊሆን ይችላል። እሱም እንደ ስኳሩ ሕክምና አለው፤ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው።

ወደ ሐዘናቸው ልመለስ። እናትሽ ሲያርፉ ድንኳን ተጥሏል፣ ሰው መጥቷል፣ ዘመድ አዝማድ አብሮ አድሯል። ሰፈራቸው ሲነሳ ግን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ያላቸው ሰው አለ? በየቦታው ለተበተነ ጎረቤት ለቅሶ አይደረስም። እኔን የሚታየኝ መንገድ ይህ ነው፤ ወር በገባ በ22 ዑራኤል ነው። ዱሮ የተሳለሙትን ታቦት ትተው የማይቀሩ ብዙ የካዛንቺስ ሰዎች፣ ጀሞም ይግቡ ቦሌ አራብሳ፣ በዚያን ቀን እየመጡ ይገናኛሉ። ቅዳሜ ወይም እሁድ ላይ የሚውልበትን ወር ጠብቂና አብረሽ ውሰጃቸው። ከቅዳሴ በኋላ አትቸኩዪ። ዱሮ ቤታችሁ የነበረበትን ማየት ከፈለጉ ውሰጃቸው፣ ካልፈለጉ ተዪው። ቢያለቅሱ አታባብዪ። ቦታውን እያሳዩ «እዚህ ጋ እኮ…» ብለው ከጀመሩ ደግሞ እስኪጨርሱ ስሚያቸው። ያልጠበቅሽው ነገር ልትሰሚ ትችያለሽ፤ ሰው፣ በተለይ የእሳቸው ዘመን ወንድ፣ ፊት ለፊት አስቀምጠው «ምን ሆንክ?» ሲሉት የማይወጣው ነገር ጎን ለጎን ሲሄዱ ይወጣዋል። ያ የጮህሽበት ቀንም ከከነከነሽ «አባዬ፣ ያን ቀን አጥፍቻለሁ» ለማለት የሚቀለው እንዲህ ሲሄዱ ነው።

እዚያው የካ አባዶም እድር አይጠፋም፤ የብሎክ ኮሚቴም አለ። አንቺ ሄደሽ አታስመዝግቢያቸው። ያን ጥበቃ አስቢው፤ በግቢው ውስጥ ማን ሽማግሌ እንደሆነ፣ ማን ጠዋት ጠዋት እንደሚወጣ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። «አባቴ የእድር ጸሐፊ ነበር» ብለሽ ሹክ በዪው። መዝገብ አያያዝ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ራሳቸው በር ያንኳኳሉ። ከብሎኩ ጀርባ ጎመንና ጤና አዳም የሚተክሉ ጎረቤቶች ካሉም አንዲት መደብ ጠይቂላቸው፤ መሬት መለካት አያቅታቸውም።

ሰፋ ያለውን ሽርሽር ኋላ ትደርሺበታለሽ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አለ፤ ከተማዋን ቁልቁል እያዩ የባሕር ዛፉን ሽታ መሳብ ደስ ይላል። ግን ቦታው 3,000 ሜትር ስለሚያልፍ እያረፉ ነው። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም ጸጥ ያለ ነው። እኔ ግን ለአንድ ቀያሽ የምመርጥለት የካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ነው፤ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ያለ ዘመናዊ መሣሪያ እንዴት እንደለኩት አባትሽን ጠይቂያቸውና ጆሮሽን አዘጋጂ። መንገዱ አቀበት ነው፣ ጫካም አለበት፤ ስለዚህ ጉልበታቸው ከጠና በኋላ፣ ከባለቤትሽና ከልጅሽ ጋር ሆናችሁ፣ በጠዋት ሂዱ። ብቻሽን ወደ ጫካ ሂጂ የምል ሰው አይደለሁም።

ለወንድምሽ መልእክት አድርሺልኝ። ምክሩን ይተውና ጥያቄ ይጠይቃቸው። «አባዬ፣ አባይ በረሃ ስትሠሩ ድንኳናችሁ የት ነበር?» ይበላቸው። ስልኩን ቶሎ የሚመልሱልሽ አይመስለኝም።

አንቺስ? ጠዋት ሰርቪስ፣ ቀን ወንበር፣ ማታ ሰርቪስ፣ ከዚያ ምድጃ። በደብዳቤሽ ውስጥ አንቺ አየር የምታገኚበት አንድም ቦታ አላየሁም። አባትሽን ውጡ ስትዪ አንድ ቀን እንኳ «አብረን እንውጣ» ብለሻቸው ታውቂያለሽ? ወቀሳ አይደለም፤ ጊዜ ከየት ይመጣል። ግን እሁድ ጠዋት ዳቦ ሲገዙ፣ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ «ቆየኝ፣ እኔም ልምጣ» ብትዪ ቤቱ ለግማሽ ሰዓት አይፈርስም።

ከወር በኋላ ጻፊልኝ። ከብሎካችሁ እስከ ታክሲ መያዣው ስንት ሜትር እንደሆነም አብረሽ ጻፊልኝ፤ የአያትየውን ልክ ነው የምፈልገው። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ከሥራ ስትመለሺ በዳቦ ቤቱ በር ላይ ዝም ብለሽ እለፊ።